የጋሽ ይማም ቆርቆሮ

ጋሽ ይማም ማረፋቸውን የሰማሁት ሽንኩርት ስገዛ ነው። ኮምቦልቻ ዘመድ ያላት ነጋዴ ሚዛኑን እንደያዘች፣ «እኒያ መርፌ ወጊው ሽማግሌ እኮ ትናንት ተቀበሩ፤ አብራችሁ ትሠሩ አልነበር?» አለችኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሽንኩርትና በቲማቲም መካከል ይናገራል ወይ ብዬ ተናደድኩባት። ጋሽ ይማም ቢሰሙ ግን ከሷ ጋር እንደሚወግኑ ትዝ አለኝና ንዴቴ በረደ። እሳቸው ክፉ ነገር ቶሎና ፊት ለፊት ይነገር ባይ ነበሩ። ይህን የተማሩት ዘግይተው ነው፤ እኔ ደግሞ ከሳቸው ተማርኩ። ሽንኩርቱን እዚያው ረስቼው ቤቴ ገባሁ።

ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔም ከጤና ረዳትነት ትምህርት ገና የወጣሁ፣ ነጭ ጋዋኔን በየቀኑ የምተኩስ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ልጅ ነበርኩ። የተመደብኩት ደሴ፣ የቲቢ ሕሙማን ከሚታከሙበት ክፍል ነው። ጋሽ ይማም የክፍሉ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበሩ። በወረቀት እኔ ከሳቸው በላይ ነኝ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ስነግራቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝና፣ «እንግዲያው አለቃዬ፣ የመርፌ መቀቀያው ውሃ ጎድሎታል» አሉኝ። ሄጄ ውሃ ቀዳሁ።

ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። የጋዋናቸው ሦስተኛ ቁልፍ ከሌሎቹ የተለየ ጥቁር ነው፤ ባለቤታቸው ከአሮጌ ኮት ነቅለው የተከሉት። በስብሰባ ላይ ሁሉም «ጓድ» ሲባባል እሳቸው ካድሬውን «ጓድ ልጄ» ነበር የሚሉት፤ ካድሬውም መቆጣት ይሻለው መሳቅ ሳያውቅ ይቀራል። ዙህር ሲደርስ መርፌውን አስቀምጠው ሶላታቸውን ሊሰግዱ ይወጣሉ። እስኪመለሱ ወረፋው እንዳለ ይጠብቃቸዋል እንጂ ወደኔ ጠረጴዛ ዞር የምትል አንዲት እናት አልነበረችም። በዚህ እቀና ነበር፤ ዛሬ መዋሸት ምን ያደርግልኛል።

ከትልቅ ሰው ጋር ቀልደኛ ናቸው። ሕፃን ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ልጁን ተቀብለው በቀጥታ ወደ መስኮቱ ነው የሚሄዱት። ዓይኑን ገልጠው ነጩ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ያያሉ፤ የቲቢው እንክብል ጉበት ሲነካ የሚያስታውቀው እዚያ ነው። አምፖል እያለ መስኮት ምን ያደርጋል ብላቸው፣ «አምፖል ሁሉንም ሰው ቢጫ ያደርጋል፤ የአላህ ብርሃን አይዋሽም» አሉኝ። ቀጥለው ልብሱን ገልጠው ሽፍታ ይፈልጋሉ። እናቲቱን ጡት ይጠባ እንደሆነ፣ ያስታውከው እንደሆነ፣ ሽንቱ ምን እንደሚመስል አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። «ትልቅ ሰው መድኃኒቱ ሲጎዳው መጥቶ ይሰድበኛል» ይሉ ነበር። «ሕፃን ማንን ይሰድባል? እሱም አይናገር፣ መርፌውም አይናገር፤ የሚናገር እኛ ብቻ ነን።»

አንድ ጊዜ አንድ ቄስ የአሥር ወር ልጃቸውን ይዘው ከገጠር መጡ። የልጁ ገላ ከአንገት እስከ እግር በሽፍታ ተሸፍኗል። ቄሱ አልደነገጡም፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል። በሽታው በቆዳው በኩል እየወጣ ነው ብለው ለሦስት ቀን መድኃኒቱን አጠንክረው ሰጥተውታል። ጋሽ ይማም አልሳቁባቸውም። «አባ፣ የሚወጣው በሽታው አይደለም። እኔ የሰጠኋችሁ እንክብል ነው የተጣላው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሽፍታ ሲያዩ እንዲያቆሙ አልነገርኩዎትም» አሏቸው። ልጁን ለሐኪሙ አስረከቡና መድኃኒቱ ተለወጠለት። እኔ የገረመኝ አንድ የሰለጠነ ባለሙያ በሽተኛ ፊት «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለቱ ነበር። ትምህርት ቤት እንዲህ አላስተማሩንም።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን ቆርቆሯቸው ነበረች። መዳፍ የማትሞላ የቅባት ቆርቆሮ ናት፤ ውስጧ አምስት የሽምብራ ፍሬ አለ። መርፌ የሚወጋ ሕፃን ሲመጣ እናቲቱ ፊት ለፊት ሆና በአንገቷ ጨሌ ታጫውተዋለች። ጋሽ ይማም ከኋላው ይሸሸጉና በቀኝ ጆሮው በኩል አንድ ጊዜ፣ በግራው በኩል አንድ ጊዜ ቆርቆሮዋን ያንቀጫቅጫሉ። ልጁ ዘወር ካለላቸው ካርዱ ላይ «ቀኝ፣ ግራ» ብለው ይጽፋሉ። መርፌው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ ልጁን ማባበላቸው ይመስለኝ ነበር፤ ማባበል ከሆነ ለምን ይሸሸጋሉ ብዬ አልጠየቅኩም። እኛ ወጣቶቹ «የይማም ጸናጽል» እያልን እንስቅባት ነበር።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ ደግሞ ዘምዘም የምትባል ሴት ከቢስቲማ ትመጣለች። ቅል ሙሉ ማር ትይዛለች፤ ልጇ ሰይድም ይከተላታል። ሰይድ ሕፃን ሳለ በቲቢ ሊሞት ደርሶ በጋሽ ይማም መርፌ የተረፈ ልጅ ነው። አይሰማም፣ አይናገርም። ዘምዘም ማሩን ስትሰጥ፣ «ጆሮውን በሽታው ወሰደው፤ የአላህ ፈቃድ ነው። ነፍሱን ያተረፋችሁልኝ ግን አንቱ ናችሁ» ስትላቸው በደረስኩበት ዓመት ሰምቻታለሁ። ጋሽ ይማም ቅሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ልጁን ግን ቀና ብለው አላዩትም። እኔ ትሕትና መሰለኝ።

በሚቀጥለው በጋ ጋሽ ይማምን ለክትባት ዘመቻ ወደ ደጋን ላኳቸው፤ ለስድስት ሳምንት። ክፍሉን ለኔ ሲያስረክቡ «ከሁሉም ሰዓዳን አደራ» አሉኝ። ሰዓዳ የሐርቡዋ ፋጡማ ልጅ ናት፤ ስምንት ወሯ። ቲቢው ከሳንባዋ አልፎ ጭንቅላቷን ነክቶት፣ ራሷን ስታ ነው የመጣችው። በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን ትወጋለች፤ እናቷም ለዚሁ ብላ ደሴ ዘመድ ቤት ተጠግታለች። ልጅቷ ገና መሳቅ መጀመሯ ነበር። ጋሽ ይማም ቆርቆሮዋን መዳፌ ላይ አስቀመጡና፣ «ከመርፌው በፊት ቀኝ፣ ግራ። አንድም ቀን እንዳትረሺ» ብለው ሄዱ።

ስትሬፕቶማይሲን ጆሮ እንደሚጎዳ ተምሬአለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። የተማርኩት ግን በትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ጆሮዬ ጮኸ፣ ዞረብኝ ይላል፤ ያኔ ይቆምለታል። ጆሮዬ ጮኸ የማይል ሰው እንዳለ አላሰብኩበትም። ሁለት ቀን ቆርቆሮዋን አንቀጫቀጭኩ። በሦስተኛው ቀን ወረፋው በረንዳውን ሞልቶ ሳለ አንዷ ጓደኛዬ በበሩ ብቅ ብላ «ጸናጽሉን ወረስሽ?» አለችና ሳቀችብኝ። ቆርቆሮዋን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። አፍሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሰዓዳ ወፈረች፤ ጉንጯ ሞላ። በአምስተኛው ሳምንት ላይ ፋጡማ ፊቷ በርቶ መጣች። «ወላሂ እቴ፣ ጨዋ ሆናልኛለች። ድሮ ክዳን ሲወድቅ ታለቅስ የነበረችው፣ አሁን ሲነጋ የሱብሂ አዛን ሲባል እንኳ ንቅንቅ አትልም። የሰው ቤት አላስቸገረችብኝም፣ አልሐምዱሊላህ!» የሰው ቤት የተጠጋ ሰው ልጁ ዝም ሲልለት እንዴት እፎይ እንደሚል አውቃለሁ። በኛ አገር ደግሞ ዝምተኛ ሕፃን ያስመርቃል። «ጎሽ የኔ ጨዋ!» ብዬ ጉንጯን ሳምኳት። ካርዷ ላይም «በጣም ተሽሏታል» ብዬ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጻፍኩ። ከዚያም ወጋኋት።

ጋሽ ይማም በተመለሱ ዕለት ፋጡማ ያንኑ ወሬዋን ደገመችላቸው። «ጨዋ» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ፊታቸው ጠቆረ። መሳቢያውን ከፍተው ቆርቆሮዋን አወጡ። ፋጡማ ጨሌዋን አወዛወዘች፤ ሰዓዳም ጨሌውን እያየች ሳቀች። በቀኝ በኩል አንቀጫቀጩ። ልጅቷ ቆየት ብላ ዘወር አለች። በግራ በኩል አንቀጫቀጩ፤ ምንም የለም። ጠጋ ብለው ደገሙ። ቆርቆሮዋ ጆሮዋን ልትነካ ምንም አልቀራት፤ ሽምብራው እኔ ከቆምኩበት ከበሩ ድረስ ይሰማል። ሰዓዳ ለጨሌው ትስቃለች። ጋሽ ይማም ካርዷን ገለጡ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሁለት ቀን «ቀኝ፣ ግራ» ይላል፤ ከዚያ ወዲህ ከ«በጣም ተሽሏታል» በቀር ባዶ ነው። «የኔ እመቤት፣ አንድ ጊዜ በረንዳው ላይ ጠብቂን» ብለው ፋጡማን አስወጧት።

አለቀስኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም። «በሽታው ይሆናል» አልኩ። «ጭንቅላት የነካ ቲቢ ራሱ ጆሮ ይወስዳል፤ መጽሐፉ ላይ አለ።» ይኸ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ያን ያህል ያናገረኝ ፍርሃት ነው። በዚያው ወር አንድ የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛ በስህተቱ «አሻጥር» ተብሎ ስሙ በስብሰባ ከተነሳ በኋላ አይተነው አናውቅም። እናቴንና ሦስት ታናናሾቼን የማስተዳድር ደግሞ እኔ ነኝ። «መርፌውን በሆነ ሰበብ እናስቁም። ለፋጡማ በሽታው ነው እንበላት። ካርዱ ላይ አይጻፍብኝ፣ ጋሽ ይማም፤ ይሙቱ፣ አይጻፍብኝ!» እያልኩ ለመንኳቸው።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በሽታው ሊሆን ይችላል» አሉ። «እኔም እንዲሁ ብዬ ነው ሰባት ዓመት የዘምዘምን ማር የበላሁት።»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። «ሰይድን እኔ ነኝ የወጋሁት፤ ወራት ሙሉ። እናቱ በየቀኑ ጨዋ ሆነልኝ ትለኛለች፤ እኔ ማሻአላህ እላለሁ። መራመድ ሲጀምር እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። መርፌው ጆሮንም አረማመድንም እንደሚነካ አንድ ሐኪም የነገረኝ ያኔ ነው። ለሷ ግን አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ኅዳር ሲመጣ ማር ይዛልኝ ትመጣለች። ማር የያዘች ሴት ፊት ምን ብዬ ልጀምር? ቆርቆሮዋን የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በቆርቆሮ ልክስ ነው፣ አስካለ!» ስሜን ጠርተው የሰዓዳን ካርድ እጄ ላይ አደረጉ። ከዚያ ተነስተው በሩን አሳዩኝ። «አንቺ ሰባት ዓመት የለሽም። የልጅቷ ቀኝ ጆሮ ገና አለ። ሰበብ ስንፈልግ ከከረምን እሱንም እንወስድባታለን፤ ዛሬውኑ ተናገሪ።»

ወጣሁና ነገርኳት። «ፋጡማ፣ ልጅሽ ጨዋ ሆና አይደለም። በግራ ጆሮዋ አትሰማም። መርፌው ይመስለናል። በየቀኑ ላያት ይገባኝ ነበር፤ አላየኋትም።» ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ልጇን በሻሽዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። «መርፌው ቢቀርባት ትሞትብኛለች?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ጋሽ ይማም ከኋላዬ መጥተው፣ «እኔም አላውቅም። አሁን ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንገባለን፤ የሚሉትን አንቺም በጆሮሽ ትሰሚያለሽ» አሏት። የበሽተኛ እናት እንዲህ ካለው ምክክር ስትገባ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር።

ሐኪሙ ተቆጡ። ድሬሰር በሽምብራ ጆሮ መመርመሩም አልጣማቸውም። ጋሽ ይማም ቆርቆሮዋን አቀበሏቸውና «እስቲ እርስዎ ይሞክሩ» አሉ። ሞከሩ፤ ከዚያም ሌላ ቃል ሳይናገሩ መርፌውን በቀይ ሰረዙት። በምትኩ ያኔ ብርቅ የነበረው ቀዩ እንክብል እንዲሰጣት ታዘዘ። ደሴ አልነበረም፤ ጋሽ ይማም ከስንት ሰው ጋር ተላልከው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጡት። እንክብሉን ከፍተው ዱቄቱን ለሰዓዳ በሚበቃት ልክ እየከፋፈሉ በወረቀት ጠቀለሉ። ለፋጡማም፣ «ይኸ መድኃኒት ሽንቷን ቀይ ያደርገዋል፤ እንባዋንም እንዲሁ። ደም እንዳይመስልሽ። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ግን ያኔ ሮጠሽ ነይ» አሏት።

በሳምንቱ ፋጡማ መጥታ የልጇን መጠቅለያ ዘርግታ አሳየችን፤ ብርቱካን መስሏል። «ጎረቤቱ ሁሉ ደም ሸናች ብሎ ተንጫጫ። መድኃኒቱን ጣይው አሉኝ። እኔ ግን አልፈራሁም፤ ነግራችሁኛላ!» አለች። ጋሽ ይማም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የጦሳን ተራራ ሲያዩ ቆዩ። እኔ ካርዱ ላይ «ሽንት ቀይ፣ ዓይን ንጹሕ፣ ቀኝ ይሰማል» ብዬ ጻፍኩ።

ሰዓዳ ዳነች። ግራ ጆሮዋ አልተመለሰም፤ ቀኙ ተረፈላት። ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ሰው ሲያናግራት ቀኝ ጆሮዋን አዙራ ነው የምታዳምጠው። የኔም ነገር በስብሰባ ተነሳ። አንዱ «አሻጥር» የሚለውን ቃል ሊጀምር ሲል ጋሽ ይማም ብድግ ብለው፣ «ጓድ ልጄ፣ ቆርቆሮዋን ምን እንደምትሠራ ሳላስረዳት የሰጠኋት እኔ ነኝ። የሚጻፍ ከሆነ በሁለታችንም ይጻፍ» አሉ። በሁለታችንም ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አልመጣም።

ኅዳር ገባና ዘምዘም ቅሏን ይዛ መጣች። ልወጣ ስል ጋሽ ይማም «ቁጭ በይ» አሉኝ። ብቻቸውን እንዳይሸሹ ምስክር ፈልገው ይመስለኛል። ቅሉን አልተቀበሏትም። «ዘምዘም፣ ከመስጠትሽ በፊት ስሚኝ። የሰይድን ጆሮ የወሰደው በሽታው ብቻ አይደለም፤ የኔ መርፌ ይመስለኛል። ጨዋ ሆነልኝ ስትይኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ካወቅኩ በኋላም ደበቅኩሽ።»

ዘምዘም እጇ ላይ ያለውን ቅል አየችው። «ይኸን ሁሉ ዓመት ታውቁ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር።»

ቅሉን አቅፋ ልጇን በእጁ ይዛ ወጣች። ሰይድ እየተጎተተ ዞሮ አየን። ምን እንደተባባልን አልሰማም።

በሚቀጥለው ኅዳር አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ኅዳር በገባ ቁጥር የጋሽ ይማም ዓይን በሩ ላይ ይበዛ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ «በመናገርዎ ይቆጭዎታል?» አልኳቸው። «በመናገሬ አልቆጭም። ማሩ ግን ጣፋጭ ነበር» ብለው ሳቁ። ሌላ ማር ሲቀምሱ ግን አይቻቸው አላውቅም። በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወሩ፤ እዚያው ጡረታ ወጡ። ሲሄዱ ቆርቆሮዋን ለኔ ተዉልኝ። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠራሁባት፤ ሽምብራውን ነቀዝ እየበላው ስንት ጊዜ እንደቀየርኩት አላስታውስም። አዳዲሶቹ ልጆች ሲስቁብኝ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አስረዳቸዋለሁ፤ ከዚያ ይሳቁ።

ሽንኩርቱን በረሳሁ ማግስት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ሳለ አንድ ጎልማሳ ሰው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ በእቅፉ ቅል ይዟል። ከኋላው የቆሙ ሰዎች «ግባ ወንድሜ፣ ዕለፍ» አሉት። አልዞረም። ደገሙለት፤ አሁንም አልዞረም። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አንዱ ክንዱን ይዞ አስገባው። ቅሉን ለጋሽ ይማም ልጅ ሰጣትና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወንዶቹ መካከል ተቀመጠ። ለዱዓ እጅ ሲነሳ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ፣ ዓይኑን በሰዉ እጅ ላይ አድርጎ የሱንም አነሳ።

ዘምዘም በሕይወት ኖራ ልካው ይሁን፣ እሱ በራሱ መጥቶ ይሁን አላውቅም። ይቅርታ ይሁን፣ የለቅሶ ወግ ይሁን እሱንም አላውቅም። ማሩ ግን ማር ነበር፤ የቅሉን አፍ ሲከፍቱት ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ።

ከጎኔ የተቀመጡ አሮጊት፣ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፣ ማሻአላህ፤ አንዲት ቃል አልወጣውም» አሉ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ለቅሶ ቤት የሟች ጥፋት አይነሳም። ያን ቃል ግን አንድ ጊዜ ሰምቼ «ጎሽ» ብዬ ነበር፤ ሁለተኛ አልቻልኩም።

«አይሰማም፣ እማማ» አልኳቸው በቀስታ። «ሕፃን ሳለ ጆሮውን የወሰደው የጋሽ ይማም መርፌ ነው። ለእናቱ የነገሯትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።»

አሮጊቷ ሰውየውን አዩት፤ ቅሉንም አዩት።

«እና መጣ?» አሉኝ።

«መጣ» አልኳቸው።